እናቴ የላከችው ቃል

ገብስ ሲታመስ የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው ያስርበዋል፤ እኔን ግን ምጥ ያስታውሰኛል። ባለፈው ሳምንት ማርቆስ ገበያ ወርጄ ነጭ ገብስ ስመርጥ ነጋዴዋ አፌን ሳልከፍት «ለአራስ ነው?» አለችኝ። ፍሬውን በጣቴ እየፈተግኩ ወደ ፀሐይ ሳዞረው አይታ ነው የለየችኝ፤ ለጠላ የሚገዛ ሰው እንዲህ አይመራመርም። «ለመጨረሻዋ ልጄ ነው። ለእሷ ግን የመጀመሪያዋ ነው» አልኳት። «ማርያም በሽልም ታውጣት» ብላ አንድ እፍኝ መረቀችልኝ። እንግዲህ የሰሞኑ ኑሮዬ ይኸው ነው፤ አምሳለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ ቅቤ አነጥራለሁ፣ የጓዳውን አልጋ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያዞርኩ ብርድ የማይገባበትን ጥግ እፈልጋለሁ። ልጄ ሕይወት የምትኖረው ደብረ ኤልያስ ነው፤ ባሏ ደሴ እዚያ የግብርና ሠራተኛ ነው። ሲያገባት ጥሎሽም ምንም አልጠየቅኩትም። «የመጀመሪያ ልጇን እኔ ቤት ትውለድ፤ ሲቃረብ ታመጣልኛለህ» ነው ያልኩት። እሱም ጎንበስ ብሎ «እሺ እማማ፣ አመጣታለሁ» አለኝ። ሰው ቀላል ነገር ጠየቀች ብሎ ሳይገርመው አልቀረም። ለእኔ ቀላል አልነበረም።

የዛሬ ልጆች እርግዝና ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። ሕይወት ገና ሆዷ ብቅ ሳይል የፅንሱን ፎቶ በስልክ ላከችልኝ፤ ገልብጬ ባየው፣ አቅንቼ ባየው፣ ከደመና በቀር የታየኝ ነገር የለም። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጭንቅላቱ ነው» ትለኛለች። «ማርያም ትጠብቀው፣ አባቱን ይመስላል» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል? ክትትሉ፣ ክኒኑ፣ ጤና ጣቢያው የሠራው የእናቶች ማቆያ፣ ሁሉም ደግ ነገር ነው፤ እሱ ባለመኖሩ ስንቷን ጓደኛዬን አፈር አልብሻለሁ። በእኛ ጊዜ ግን እርግዝና አይወራም። አማት በዓይኗ ትለያለች፣ ጎረቤት በአረማመድ ይለያል፣ ባል መጨረሻ ላይ ይሰማል። ያለችን ማስታወቂያ መቀነት ናት፤ ወገብ ላይ የነበረችው ወደ ጡት ከፍ ስትል ያየ አየ። እኔ ያኔ አንዲት አረንጓዴ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ። ቴትሮን ገና የገባ ሰሞን ስለነበር ገበያ ለብሼያት ስወጣ ሴቶች ቆም ብለው በጣታቸው ይዳስሱኝ ነበር። ሆዴ ሲገፋ ጎኗን ተርትሬ በአቡጀዲ ቀጠልኳት፤ ከፊት ሙሽራ፣ ከጎን የተጣፈ ጆንያ ሆንኩ። ያችን ቀሚስ እስካሁን በሕልሜ እለብሳታለሁ።

እኔ የዲማ ልጅ ነኝ። ዲማ ማለት ደጅ ላይ ቁራሽ የምትሰጪው ተማሪ እንኳ በሁለት ትርጉም የሚያመሰግንሽ አገር ነው፤ ይመርቅ ይስደብሽ ማታ ከተኛሽ በኋላ ነው የሚገባሽ። ባሌ አያሌው ከእነዚያ አንዱ ነበር። ከደብረ ኤልያስ ወገን ለቅኔ የመጣ፣ ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን፣ ምላሱ ደግሞ ከዓይኑ የፈጠነ። አባቴ በምላሱ ወደደው። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ በምላሱ ነው የወደድኩት። እናቴ ብቻ «አፍ አያርስም» እያለች ታጉረመርም ነበር። ለጋብቻው ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቀን፣ ሴት በማትናገርበት ቦታ ብድግ ብላ፣ «አገሩ ሩቅ ነው፤ ይሁን፣ ይውሰዳት። የመጀመሪያ ልጇን ግን እኔ ቤት ትገላገላለች። ስትከብድ ያመጣልኛል» አለች። አያሌው ተነሥቶ እጅ ነሣና «አመጣታለሁ» አለ። ነገሩ በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን እናቷ ቤት ነው የምትወልደው። ለምን ቢባል አማት ፊት አይጮህም። ሳይጮሁ ማማጥ ደግሞ አፍ ይዞ እንደ ማስነጠስ ነው፤ አንድ ነገር ይበጠሳል።

ከዲማ ቢቸና በበቅሎ፣ ከቢቸና ማርቆስ በጭነት መኪና፣ ከማርቆስ ደብረ ኤልያስ በእግር ወሰደኝ። ማርቆስ መናኸሪያው ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ ዘፈን ያጠግባል። አያሌው እዚያ ጋ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ኮንጎ ጫማ ደግሞ በሁለት ብር ገዛልኝ። ላስቲኩ እግሬን እየላጠው እንኳ እየሳቅኩ ሄድኩ። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ላይ ባንክ ቆሟል፤ ባጃጆች ተሰልፈው ይጮሁበታል፤ ሳልፍ ግን ዘፈኑ ይሰማኛል። ጊዜው መንግሥት የተለወጠበት ነው ወይም ሊለወጥ የነበረበት፤ ስብሰባ ብዙ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ወንዶች ስብሰባ ይውላሉ፣ እኛ ወፍጮ እንውላለን። አማቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥራ ግን ትወድ ነበር፣ በተለይ ሌላ ሰው ሲሠራላት። ሆዴ ከመጁ ጋር እየተጋፋ ስፈጭ እያየች «ጎበዝ፣ መንቀሳቀስ ምጥ ያቀላል» ትለኛለች። እኔም ወሩ ሲገባ በየቀኑ መንገዱን አያለሁ። አያሌውን «መቼ ነው የምትወስደኝ?» ስለው «እናትሽ ቃል ይላኩ፤ ሳይጠሩን አንሄድም» ይለኛል። ደግ ነገር መሰለኝ፤ ሥርዓት መሰለኝ።

ቃሉ መጣ። ሰብሉ አውድማ በገባበት ወራት አንድ የቢቸና ሸቀጥ ነጋዴ፣ ሙስሊም ሰውዬ፣ በቅሎውን ደጃችን አቁሞ «የአያሌው ቤት ይኸ ነው? ከአማትህ ዘንድ መልእክት ይዣለሁ» አለ። ራሴ ወጥቼ ልጠይቀው ቃጣኝ። ግን አዲስ ምራት ከእንግዳ ወንድ ጋር ቆማ አታወራም፤ ውሃ በቅል አቀበልኩትና ወደ ጓዳ ገባሁ። አያሌው እስከ አጥሩ በር ሸኘው። ሲመለስ ከመጁ ላይ ቀና ብዬ «ምን አለች?» አልኩት። እናቱን አየት አደረገና፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «‹ልጄ አምጣ ትውለድ› ነው ያሉት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እዚያው ባሏ ቤት አምጣ ትውለድ ብለዋል» አለኝ። ‹ም›ን ጠበቅ አድርጎ ነው ያላት። ይኸውም በምጥ፣ በጣር፣ እንደ ማንኛዋም ሴት ማለት ነው። «ሌላስ?» አልኩት። «ሌላ የለም።» እናቴ የላከችው ቅቤ የለ፣ ማር የለ፤ ነጋዴው ባዶ እጁን ነው የመጣው። አመንኩ። ባል የእናትን ቃል ያጣምማል ብላ የምትጠረጥር ሙሽራ የት አለች? የጠረጠርኩት እናቴን ነው። ሽማግሌ ፊት ቆማ የተሟገተችልኝ እናቴ ዞር ስል ረሳችኝ፣ ሸክም ሆንኩባት፣ እንኳን ራቀችልኝ አለች፤ ይህን ሁሉ መጁን እየገፋሁ አሰብኩ። በዚያ ሰሞን ወፍጮ ላይ የምላት እንጉርጉሮ ነበረችኝ፦

መንገድ መንገድ ሳይ ደጁን ሳማትር፣
የናቴ በቅሎ ቀረች ሳትሰግር።

አማቴ ሰምታ «ድምፅሽ ያምራል» አለችኝ።

ምጡ እህል ስሰፍር ያዘኝ። የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ ሹሩባዬን ፈቱት፣ መቀነቴን ፈቱት፣ «ማርያም ማርያም» ይሉ ጀመር። ያ ድምፅ እንዴት እንደሚይዝ የወለደች ታውቀዋለች፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሉት ከጀርባሽ የሚገፋሽ እጅ ያለ ይመስልሻል። እኔ ግን እየተሰማኝ የነበረው ሌላ ቃል ነው። አንዱ ምጥ ሲመጣ «ልጄ አምጣ»፣ ሲመለስ «ልጄ አምጣ»። አማቴ ራስጌዬ ተቀምጣ ስለነበር ነጠላዬን ጥርሴ መካከል አድርጌ አልጮህኩም። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ጩኺ ልጄ፣ ጩኺ፣ አያሳፍርም» አለችኝ፤ እሷን እስካሁን በጸሎቴ አስባታለሁ። ልጅቷ ወጣች፤ ለሴት ሦስት እልል ተባለ። ገንፎው መጣ፤ መካከሉ ላይ ቅቤ አለ፣ ሴቶቹ እየጎረሱ ማርያምን አመሰገኑ። እኔ አንድ ጉርሻ ወስጄ መዋጥ አቃተኝ። «አራስ ስታለቅስ ጡቷ ይነጥፋል» ብለው ተቆጡኝ፤ እንባዬን ዋጥኩና ገንፎውን ተውኩት። ለክርስትናው እናቴን አልጠራሁም። እሷም አልመጣችም። እንዳልጠራኋት ረስቼ ባለመምጣቷ ደግሞ አዲስ ቂም ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ አያሌው ማርቆስ የአማርኛ አስተማሪ ሆኖ ገባ፤ ሌሎችም ልጆች መጡ፤ ዲማ እየራቀች ሄደች። መንገዱ ሩቅ ነው እል ነበር። መንገዱ ግን ያው ነበር፤ የራቀው ሆዴ ነው። የሄድኩት እናቴ ታመመች ሲባል ነው። ቤቱ ውስጥ ከምድጃው ጎን፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ የማላውቀው የጭቃ መደብ አየሁ፤ ልስኑ ያማረ፣ ማንም ያልተኛበት፣ ቁርበት ተቆልሎበት። «ይኸ የማን ነው?» አልኳት። «የመጣ ይተኛበታል» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። እናቴ ኩሩ ናት። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ፤ ሁለታችንም የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን ሰነበትን። ልሰናበታት ስል እጄን ያዘችና፣ በዚያ በደከመ ድምፅ፣ «አምጣ ብዬው ነበር…» አለች። ልሳኗ ተሳስሮ ነበር፤ ‹ም› ትጥበቅ ትላላ ማን ይለየው? ጆሮዬ ለቂሙ የተዘጋጀውን ሰማ። «አዎ እናቴ፣ እንዳልሽው አምጬ ወለድኩ፤ ማርያም ምስክሬ ናት» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳግመኛ ሳላያት ተቀበረች። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ በደሏ ትዝታ ይዤው ኖርኩ፤ ልጆቼ ሲወልዱ ሁሉ ቀድሜ የተገኘሁት እንደ እናቴ ላለመሆን ነው።

እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ ነው። የአያሌው የዲማ ጓደኛ፣ መሪጌታ በላይ፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እኛ ቤት አርፈዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው የተማሪ ቤት ወሬያቸውን ይዘዋል፤ እኔ ኩሽና ገብሴን አምሳለሁ። ስለ ቅኔ ሲያወሩ እንደ ዝናብ ድምፅ ነው የምሰማቸው፤ አላዳምጥም። የልጄን ስም ስሰማ ግን ማማሰያዬን ያዝ አደረግኩ። አያሌው «ትናንት አማቼ ደውሎ ‹አባባ፣ ሕይወትን ላምጣት ወይስ እዚሁ ትውለድ?› አለኝ» ይላል። «መንገዱን ታውቀዋለህ፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ደግሞ አራስ ቤት ጣጣው ስንት ነው! ሴት ይገባል ሴት ይወጣል፣ ለእኛ መቀመጫ አይተርፍም። ‹እዚያው ትውለድ፣ እናቷም ተስማምታለች› አልኩት።» እኔ ከማን ጋር ነው የተስማማሁት? ትናንት ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ። ልወጣ ስል መሪጌታ ሳቁን ለቀቁት። «ታዲያ እንደ ድሮው ‹ልጄ አምጣ› በለኛ! እስቲ ያችን እንደገና ንገረኝ፤ ከአንተ አፍ ስትወጣ ነው የምትጥመኝ» አሉት።

እሱም ነገራቸው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሁሉ። «ነጋዴው መጣና ‹ልጄን አምጣ ብለውሃል አማትህ› አለኝ። አምጣ፣ ላልቶ የሚነበበው፤ ይዘሃት ና ማለታቸው ነው። አዝመራ ነው፣ እናቴ ብቻዋን ናት፣ ይቺ ደግሞ ሄዳ ወር ሁለት ወር ልትቀመጥ ነው። ምን ላድርግ? አንዲት ‹ን› ጣልኩ፣ አንዲት ‹ም› አጠበቅኩ። ‹ልጄን አምጣ› የነበረው ‹ልጄ አምጣ› ሆነ። ከአንዲት ‹ን› በቀር ቃሉ ያው፣ ፊደሉ ያው፤ አልዋሸሁም እኮ!» መሪጌታ ጉልበታቸውን መቱ። «ሰሙ ማምጣት፣ ወርቁ ማማጥ! አይ አያሌው! ይቺን እኮ ተማሪ ሁሉ ያውቃታል፤ ዲማ እስከ ዛሬ ትነገራለች።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አገር ሲስቅባት የኖረችውን ቀልድ ያልሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ገብሱ ሲያር ይሸተኛል፤ እጄ ግን አይንቀሳቀስም። የታየኝ መደቡ ነው። አባቴ ጭቃውን አቡክቶ፣ እናቴ ልስኑን በእጇ ዳብሳ፣ ነፋስ የማይደርስበትን ጥግ መርጠው የሠሩልኝ የአራስ መደብ ነው። ለካ እናቴ ልካ መንገድ መንገድ ታይ ነበር። ጎረቤት «ልጅሽስ?» ሲላት ምን ብላ መልሳ ይሆን? የሞት አልጋዋ ላይ ሆና «አምጣ ብዬው ነበር» ስትለኝ «ልጄን ይዘህ ና ብዬው ነበር» ማለቷ ነው፤ እኔ ደግሞ በእሱ ቃል መታኋት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔን የጣለኝ በምላሱ ነው። የዋሸኝ ስለ ሌላ ሴት ቢሆን፣ ስለ ገንዘብ ቢሆን፣ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ስቄ እተወው ነበር። እናቴን ነው የቀማኝ። ቀምቶኝ ደግሞ እኔ ስቀቅልለት፣ ስወልድለት፣ ሲታመም ስጠብቀው፣ እሱ ጓደኞቹን በተራ ያስቅበት ነበር። ተከዳሁ፤ ሌላ ቃል የለውም፤ ላልቶም ጠብቆም ያው ነው።

ስልኬን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁና ፊታቸው ቆሜ ለደሴ ደወልኩ። «ሕይወት ደኅና ናት?» አልኩት።

«ደኅና ናት እማማ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ደኅና አልነበረም። «ትንሽ ከፍቷታል። አባባ እዚያው ትውለድ፣ እናቷም ተስማምታለች ካሉኝ ወዲህ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ‹እማዬ ገፋችኝ፣ አልፈለገችኝም› ትላለች። እኔም እርስዎን አፍሬ አልደወልኩም።»

የመሪጌታን ወንበር መደገፊያ ያዝኩ። እሳቸው መሳቃቸውን አቁመው አንገታቸውን ደፍተዋል። «ደሴ፣ ልጄን አምጣ» አልኩት።

«እ? እማማ፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል፤ ምን አሉኝ?»

ደነገጥኩ። ይህ ቃል በዚህ ቤት ደኅና ደርሶ አያውቅም። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጮህኩ፤ አማት ፊት ያልጮህኩትን ጩኸት ነው የጮህኩት። «ልጄን ይዘህልኝ ና! መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ፣ ካልሆነ በተከፈተበት ቀን። እናትሽ ጠርታሻለች በላት፤ እንዳልኩት፣ አንዲት ፊደል ሳትጥል!»

«እሺ እማማ፣ አመጣታለሁ» አለ። ከኋላው የሕይወት ድምፅ ተሰማኝ፤ «ምን አለች? ምን አለች?» ትለዋለች።

ስልኩን ዘጋሁት። አያሌው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ከሥር ወደ ላይ አየኝ፤ መስማቴን አውቋል፣ ምን ያህል እንደሰማሁ ግን አላወቀም።

«ምን አልሽው?» አለኝ።

«እናቴ ያለችህን» አልኩት።

ከዚያ ኩሽና ገብቼ ያረረውን ገብስ ደፋሁና ሌላ መስፈር ጀመርኩ።